ሽጉጥና አፎቱ፦ የዘመን ተጓዳኝነት እንደ ታሪክ ማስረጃ



የዚህ ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንድ ባልደረባዬ «ልታስተምረን ያሰብከው ስለ ጦር መሣሪያ ነው ወይስ ስለ ቆዳ?» ሲል ጠየቀኝ። ስለ ሁለቱም ነው፤ ይበልጡን ግን ስለ ዝምድናቸው ነው። አንድ የቆየ ወታደራዊ ሽጉጥና የሚቀመጥበት አፎት፣ አንዳንዶቻችን ማኅደር የምንለው፣ በእርግጥ የአንድ ዘመንና የአንድ ሠራዊት ዕቃዎች መሆናቸውን በምን እናውቃለን? ካልሆኑስ ምን እናድርግ? የመጀመሪያውን ጥያቄ ብዙ ሰብሳቢዎች በጥሩ ሁኔታ መልሰውታል። ሁለተኛውን ግን እኔ ራሴ በወጣትነቴ ተሳስቼ መልሼዋለሁ፤ ዛሬ እዚህ የቆምኩትም በዚያ ስሕተት ምክንያት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። በውጭ አገር የተሠሩት ዕቃዎች የሚሸከሙት የአውሮፓን ዓመት ስለሆነ የሥሪት ዘመናቸውን እ.ኤ.አ. እጠቅሳለሁ። የአገራችንን ታሪክ ስጠቅስ በራሳችን አቆጣጠር እሄዳለሁ፤ እርሱንም «ዓ.ም.» በሚለው ትለዩታላችሁ።

በወላጆቼ ቤት፣ ከአያቴ ፎቶግራፍ ጎን፣ አንድ ባዶ የሽጉጥ አፎት ተሰቅሎ ነው ያደግሁት። ሽጉጡን አባቴ በደርግ ዘመን ለመንግሥት አስረክበውታል። አፎቱን የጠየቃቸው ስላልነበረ ቤት ቀረ። ስለ እርሱ የሚነገረው ታሪክ አንድና የታወቀ ነበር፦ ቅድመ አያቴ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከወደቀ የጣሊያን መኮንን ወገብ ፈተው ያመጡት ነው ይባላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህ ይተረካል፤ እኛ ልጆቹም በኩራት እናዳምጣለን። ወደዚህ አፎት በመጨረሻ እመለሳለሁ። እስከዚያ ድረስ አንድ አፎት እንዴት እንደሚነበብ ልግለጽ።

በመጀመሪያ የሚታየው ቅርጹ ነው። ወታደራዊ አፎት ለአንድ የተወሰነ ሽጉጥ የሚሰፋ ልብስ ነው። የጀርመኑን ሉገር እንውሰድ። ይህን ሽጉጥ የጀርመን ባሕር ኃይል በ1904፣ ምድር ጦሩ ደግሞ በ1908 ተቀብሎታል። የምድር ጦሩ ሽጉጥ አፈሙዝ 100 ሚሊ ሜትር፣ የባሕር ኃይሉ 150 ሚሊ ሜትር፣ ለመድፈኞች የተሠራው ረጅሙ 200 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ «የሉገር አፎት» የሚል አንድ ዕቃ የለም፤ ቢያንስ ሦስት ርዝመት አለ። የምድር ጦሩ አፎት ከደረቅ ወፍራም ቆዳ የተሠራ፣ ሙሉ ክዳን ያለው ነው። በፊት ጠርዙ ላይ የትርፍ ጥይት ካዝና መክተቻ ኪስ አለው። ከክዳኑ ሥር ደግሞ ሽጉጡን ለመፍታትና ካዝናውን ለመሙላት የምታገለግል ትንሽ የብረት መሣሪያ የምትገባባት ሌላ ኪስ አለች።

ይህች ትንሽ ኪስ ትልቅ ምስክር ናት። በ1938 የጀርመን ጦር ሉገርን የሚተካውን ዋልተር ሽጉጥ ሲቀበል የመጀመሪያዎቹ አፎቶች መልካቸው የሉገሩን በጣም ይመስል ነበር። ልምድ የሌለው ዓይን ይለዋውጣቸዋል። ነገር ግን በዋልተሩ አፎት ክዳን ሥር ያቺ የመሣሪያ ኪስ የለችም፣ አያስፈልጋትምና። በአንድ ሳጥን ውስጥ ሉገር በዋልተር አፎት ተከቶ ብታገኙ፣ ክዳኑን ማንሳት ብቻ ይበቃችኋል።

አፎት ሁሉ ቆዳ ነው ማለትም አይደለም። በ1896 የወጣው የማውዘር ሽጉጥ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከእንጨት በተቦረቦረ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ከሽጉጡ እጀታ በስተኋላ ባለው ጎድጎዳ ሲገጠም የትከሻ መደገፊያ ሰደፍ ይሆናል፤ ሽጉጡም ወደ አጭር ጠመንጃነት ይለወጣል። በሣጥኑ መግጠሚያ ብረት ላይ ብዙ ጊዜ የሽጉጡ መለያ ቁጥር ይቀረጻል። ቁጥሮቹ ከተመሳሰሉ ሁለቱ ከአንድ ፋብሪካ አብረው መውጣታቸውን ያለ ብዙ ክርክር እንቀበላለን። ቆዳ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ የምስክር ወረቀት እምብዛም አይሰጠንም።

ሁለተኛው ቀለሙ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የነበሩት የሉገር አፎቶች በአብዛኛው ቡናማ ነበሩ፤ በሁለተኛው ዘመን ጥቁሩ የተለመደ ሆነ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። ከመጀመሪያው ጦርነት የተረፉ ብዙ አፎቶች አልተጣሉም፤ ጥቁር ተቀብተው ለሚቀጥለው ወታደር ተሰጥተዋል። እንዲህ ያለ አፎት የየትኛው ዘመን ነው? የሁለቱም ነው። «ለዘመኑ ትክክል ነው» ስንል የትኛውን ቀን ማለታችን እንደሆነ አብረን መናገር አለብን።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልጨምር። በኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተዋጋው ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር፣ የአሜሪካ መሣሪያ ታጥቆ ነው። የዚያ ዘመን የአሜሪካ ጦር መደበኛ ሽጉጥ በ1911 ተቀባይነት ያገኘው ኮልት ሲሆን፣ የ1916 ሞዴል የሚባለው አፎቱ ቀይ ቡናማ ቆዳ ነበር። የአሜሪካ ምድር ጦር የቆዳ ዕቃዎቹን ወደ ጥቁር የለወጠው ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በ1951 ነው፤ ተኩሱ የቆመው በ1953። ስለዚህ ጥቁር አፎት ይዞ «ከኮሪያ የመጣ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ሲያጋጥመን ሁለት ነገር እንጠይቃለን፦ በኋላ የተተካ ነው ወይስ በኋላ የተቀባ? ቀለሙ ከተፋቀበት ጠርዝ ሥር ቡናማው ብቅ ካለ መልሱ ሁለተኛው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ማኅተሙ ነው። በጀርመንም በአሜሪካም አፎቶች ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባ በኩል፣ የሠሪው ስምና ዓመት ተመቶ ይገኛል። የጀርመኖቹ ከተማውንም ይጠቅሳሉ። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች የፋብሪካዎቻቸውን ስም ለመሰወር በፊደላት መለያ መተካት ጀመሩ፤ ያም ራሱ የዘመን ምልክት ሆነ። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በአፎቱ ላይ ያለው ዓመትና በሽጉጡ ላይ ያለው ዓመት አንድ እንዲሆን ይጠብቃሉ። የግድ አይደለም። ቆዳና ብረት የሚሠሩት በተለያየ ፋብሪካ ነው፤ የሚገናኙት በጦር ግምጃ ቤት ነው። ከዚህም በላይ ቆዳ ከብረት ቀድሞ ያረጃል። አንድ ሽጉጥ በሕይወቱ ሁለትና ሦስት አፎት ቢለብስ አያስገርምም። ቁጥሮቹ ከልክ በላይ ሲጣጣሙና ሁሉም ነገር ንጹሕ ሲሆን፣ ይልቁን ያን ጊዜ እጠራጠራለሁ። ማኅተም በአሮጌ ቆዳ ላይ እንደገና ሊመታ ይችላልና። አዲስ ምት በተሰነጣጠቀ አሮጌ ገጽ ላይ ሲያርፍ ስንጥቁን ይጨፈልቃል፤ አሮጌ ምት ላይ ግን ስንጥቁ ራሱ ፊደሉን አቋርጦ ያልፋል።

አራተኛውና እኔ ይበልጥ የምተማመንበት የአጠቃቀም ምልክቱ ነው። ሽጉጥ ለዓመታት በአንድ አፎት ሲኖር መልኩን ያትምበታል። የፊት ማነጣጠሪያው በውስጥ ቆዳው ላይ ቀጭን ቦይ ይቆፍራል፤ የእጀታው ጉብታ ክዳኑን ያሳብጠዋል። በናስ ሚስማሮቹ ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት ይሰበሰባል። ስፌቱም ይናገራል። የጥንቱ ክር ጥጥ ወይም ተልባ ነው፤ ዛሬ የሚሠሩ ማስመሰያዎች ብዙ ጊዜ በሰው ሠራሽ ክር ይሰፋሉ። ይህም በጨለማ ክፍል ውስጥ አልትራ ቫዮሌት መብራት ሲበራበት ብዙውን ጊዜ ደምቆ ያበራል።

እንግዲህ ዘዴው ይህ ነው። በዚህ ዘዴ ሰብሳቢዎች አንድን ሽጉጥ ሠራዊቱ በደንቡ ከሚሰጠው አፎት ጋር ያጣምራሉ። እኔ ይህን «የደንብ ተጓዳኝነት» እለዋለሁ። ጠቃሚ ዕውቀት ነው። ነገር ግን ሌላም ተጓዳኝነት አለ፤ እርሱም ዕቃዎቹ በእርግጥ አብረው የኖሩት ኑሮ ነው። ይህን ደግሞ «የታሪክ ተጓዳኝነት» እንበለው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ደስ ይላል፤ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ግን የቱን እንደምናከብር የምንለየው ያን ጊዜ ነው።

ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ ገና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ተቋም የአርበኞች መሣሪያዎች ትርኢት ሲዘጋጅ ረዳት ሆኜ ሠራሁ። ለመስኮቱ ከተመረጡት ሽጉጦች መካከል አምስቱ የመጡት «በተሳሳተ» አፎት ነበር። አንዱ የጣሊያን ሽጉጥ በእንግሊዝ አፎት ተከትቷል። ሌሎቹ አገር ቤት በእጅ የተሰፉ ነበሩ፤ ባልተስተካከለ የበሬ ቆዳ፣ በወስፌ ተበስተው፣ በጠፍር የታሰሩ። እኔ መጻሕፍቱን አንብቤአለሁ፤ የትኛው ለየትኛው እንደሚሄድ አውቃለሁ። ከግምጃ ቤቱ ትክክለኛ የጣሊያን አፎቶች ፈልጌ አለበስኳቸው። ያወለቅኋቸውን በአንድ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ። የትኛው አፎት ከየትኛው ሽጉጥ እንደወጣ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፍኩም። ትርኢቱ ተመሰገነ፤ እኔም ተመሰገንኩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዲት ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ወደዚያ ተቋም መጡ፤ እኔም በአጋጣሚ ለጥናት እዚያ ነበርኩ። የአባታቸው ሽጉጥ ለተቋሙ መሰጠቱን ሰምተው ሊያዩት ነው የመጡት። በመስታወቱ ፊት ብዙ ቆሙ። ከዚያ «ልጄ፣ ብረቱን እኔ አላውቀውም፤ ሁሉም አንድ ነው። ቤቱን ግን አውቀዋለሁ። ወንድሜ ሲሰፋው ቆዳውን ወጥሬ ይዤለት ነበር» አሉኝ። ካርቶኑን አስወጣሁ። አፎቱን ገና ከላይ ሲያዩት ለዩት፤ ወንድማቸው የሳተውን ስፌት ሳይቀር በጣታቸው አሳዩኝ። ከዚያ «ታዲያ ብረቱ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሁለት ሽጉጦች ከቅርጹ ጋር ይስማሙ ነበር፤ ሁለቱም የአንድ ሞዴል ናቸው። ያን ግንኙነት የሚያውቀው ብቸኛ ማስረጃ የሽጉጡ በአፎቱ ውስጥ መገኘት ነበር፤ እርሱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ለእናታችን ይህንኑ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። አፎቱን ጥቂት ይዘው ቆዩና መልሰው ሰጡኝ።

ተማሪዎቼ፣ ከዚህ የወጣውን ሥርዓት በአጭሩ እነግራችኋለሁ፤ ሁላችሁም በየሥራችሁ ትጠቀሙበታላችሁና። አንድ ሽጉጥ ከአፎቱ ጋር ሲመጣላችሁ ከማውጣታችሁ በፊት መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ጥይት አለመጉረሱን ያረጋግጥ፤ ከዚያ በሁሉም ገጽታው ፎቶ አንሡት። ለሁለቱ አንድ የመዝገብ ቁጥር ስጡና በ«ሀ» እና በ«ለ» ለዩአቸው። ከዚያም ለያይታችሁ አስቀምጡ። ይህ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል፤ እስካሁን አንድ ናቸው ስል ቆይቼ አሁን ለዩ እላለሁ። ነገር ግን ቆዳ እርጥበት ይስባል፤ ከአለፋፉም የቀሩ ጨውና አሲድ ይኖሩበታል። እነዚህ ብረቱን በዝግታ ይበሉታል። ስለዚህ አንድነታቸው በመዝገቡ ይጠበቃል፤ ሰውነታቸው ግን በየራሱ መደርደሪያ ያድራል። ቆዳውን ዘይትና የጫማ ቀለም አትቀቡት፤ ማኅተሙንና የአጠቃቀሙን ምልክት ይሸፍናልና። ለማሳያ ስትሉ የደንቡን አፎት ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ አጠገቡ ብታስቀምጡ ችግር የለውም፤ «ከዚህ ሽጉጥ ጋር የመጣ አይደለም፤ የዘመኑን ዓይነት ለማሳየት የተጨመረ ነው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

አሁን ወደ ቤታችን አፎት ልመለስ።

ከዚያ የካርቶን ጉዳይ በኋላ ለእረፍት ቤተሰቦቼ ዘንድ ስሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው አውርጄ መረመርኩት። ውጪው ደብዝዞ ቡናማ ሆኗል፤ ክዳኑን ሳነሣ ግን ፀሐይ ያልነካው ቆዳ ግራጫ አረንጓዴ ነበር። የጣሊያን ጦር ይህን ቀለም መለያው ያደረገው ከአድዋ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በፊት ጠርዙ ላይ ደግሞ ረጅም ጠባብ ኪስ አለ፤ ለጥይት ካዝና የተሠራ። በአድዋ ዘመን የጣሊያን መኮንኖች መደበኛ ሽጉጥ በ1889 የወጣው ቦዴዮ ሲሆን፣ እርሱ በ10.35 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚሠራ፣ ስድስት ጎራሽ ባለ ተሽከርካሪ ጎታ ነው። ካዝና የለውም። ካዝና ለሌለው ሽጉጥ የካዝና ኪስ የሚሰፋ ሰው የለም። አፎቱም ለቦዴዮ እጅግ ያጥራል፤ የሚገጥመው ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ለሆነው፣ የ1934 ሞዴል ተብሎ ለሚታወቀው ቤሬታ ነው።

አባቴ ሽጉጡን ሲያስረክቡ የተቀበሉትን ወረቀት ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ። ጸሐፊው «ቤሬታ ሽጉጥ» ብሎ መለያ ቁጥሩን ጽፏል፤ ቀጥሎም «1937» ብሎ፣ ከጎኑ ያሉትን የሮማ ቁጥሮች ትርጉማቸውን ሳያውቅ እንደ ሥዕል ገልብጧቸዋል። አሥራ አምስት ይላሉ። ይህ የፋሺስቶች የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር ነው። ከ1922 ኦክቶበር መጨረሻ የሚነሣ ስለሆነ፣ አሥራ አምስተኛው ዓመት የሚያበቃው በ1937 ኦክቶበር መጨረሻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሽጉጡ ከሞላ ጎደል የ1929 ዓ.ም. ሥራ ነው፤ የካቲት 12 የዋለበት ዓመት።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ «አድዋ ካልሆነ ማይጨው ነዋ!» አሉ። እርሱም አይሆንም። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ሽጉጡ ያን ጊዜ አልተሠራም። ታዲያ መቼ እጃችን ገባ? ከነጻነት በኋላ ከገበያ ተገዝቶ ይሆን? መልሱ ሁልጊዜ ከአፎቱ ጎን ተሰቅሎ ነበር። የአያቴ ፎቶግራፍ በጀርባው «1933 ዓ.ም.» የሚል ጽሑፍ አለበት። በጎፈሬያቸው፣ በወገባቸው ዝናር ታጥቀው ቆመዋል። በማጉያ መነጽር ሳየው ከዝናሩ ግራ ያ አፎት ይታያል፤ ጠባቡ የካዝና ኪስ ሳይቀር።

አንድ ሰብሳቢ ወዳጄ አፎቱን አይቶ ለመለወጥ ጠይቆኝ ነበር። የእኛው ከጀርባው ያለው የቀበቶ ማስገቢያ ተቆርጦ፣ በምትኩ ሰፊ ጠፍር በጅማት ተሰፍቶበታል። የጣሊያኑ ማስገቢያ ለጣሊያን ቀበቶ የተለካ ነው፤ ለአያቴ ዝናር አልሰፋም። ወዳጄ «ተበላሽቷል፤ ያልተነካ ንጹሕ ልስጥህ» አለኝ። እርሱ እንደ ሙያው ልክ ነበር። እኔ ግን ከዕቃው ሁሉ አያቴ የነኩት ያን ጠፍር እንደሆነ አሰብኩ። ቀሪው የጣሊያን ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ከጠላት ወገብ ወደ አርበኛ ወገብ መሸጋገሩን የሚናገረው ጠፍሩ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ለዓመታት የተነገረን የአድዋ ታሪክ ከግድግዳቸው ላይ ላወርድ ነው። ሰነዱን፣ ፎቶግራፉንና አፎቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። አያቴ ፎቶግራፉን ከተነሡ በሁለተኛው ዓመት ነው የሞቱት፤ አባቴ ያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከአባታቸው እጅ የቀረ ምንም ዕቃ የለኝም እያሉ ሲቆጩ ነው የማውቃቸው። ጠፍሩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱና «እንግዲያው ይህን የሰፋው አባቴ ነው?» አሉ።

«ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው። የበለጠ ማለት አልቻልኩም፤ ማስረጃው እስከዚያ ድረስ ነው የሚወስደኝ።

አፎቱ ዛሬም እዚያው አለ፤ ከፀሐይ ወደ ራቀ ግድግዳ አዛውረነዋል። ከሥሩ አባቴ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ የአባታቸውን ስምና «1929 – 1933 ዓ.ም.» ብለው አኑረዋል። ቅድመ አያቴ አድዋ መዝመታቸውን በሌላ መንገድ እናውቃለን፤ ለዚያ ይህ አፎት አያስፈልጋቸውም።

በአዳራሹ ውስጥ ካላችሁት መካከል በየቤቱ እንዲህ ያለ ባዶ አፎት፣ ዝናር ወይም የርክክብ ወረቀት ያለው እንደሚኖር እገምታለሁ። ሳትጠርጉት፣ ሳትቀቡት፣ «የሚገጥመውን» ሳትፈልጉለት፣ መጀመሪያ ካለበት ቦታ ላይ ፎቶ አንሡት፤ የሚያውቁትን አረጋውያን ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዚያ ወደ ክፍላችን አምጡት፤ አብረን እናነብበዋለን።